የድሮዋን ፎር ዊል ማሻሻል ከየት ይጀምራል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ ፎር ዊል መኪና ነው። ስትገዛ ምን ምኗ እንደሚታይ፣ ከተገዛች በኋላ እንዴት እንደምትያዝ፣ ላሻሽላት የሚል ሰውም ከየት መጀመር እንዳለበት አብረን እናያለን።

ላንድሮቨርን፣ 40 ሞዴሏን ላንድክሩዘርና በደርግ ዘመን የምናውቃትን ዋዝ የማያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በሚሲዮን ወይም በእርዳታ ድርጅት ግቢ ካረጁ በኋላ በጨረታ እየተሸጡ ወደ ግለሰብ እጅ ገብተዋል። አንዳንዶቹ ዛሬም በገጠር መንገድ ሰውና እህል ያመላልሳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የቅዳሜና የእሑድ መኪና ሆነው በባለቤታቸው እንክብካቤ ይኖራሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን አድሶ ማቆየት የሚያስብ ሰው የበለጠ ምክንያት አለው።

ታዲያ አሮጌ ፎር ዊል የገዛ ሰው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ምን ሞተር ልግጠምላት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ተራው ግን አልደረሰም። የዛሬውን ትምህርት በአራት ቃላት ያዙልኝ፦ ትቁም፣ ትታዘዝ፣ አትጋል፣ ከዚያ ትሩጥ። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪና ጎማ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻ ሞተር ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ምክንያቱን እያየን እንሄዳለን።

አስቀድሜ ግን ከታሪካቸው ጥቂት ልንገራችሁ፤ ለገዢ የሚጠቅም ነገር አለበት።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ይህችን መኪና ሲሠራ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም። ብረት በመንግሥት ቁጥጥር በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር፣ የውጭ አካሏ የተሠራው እንደ ልብ ይገኝ ከነበረው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሸክሙን የሚችለው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ስለዚህ አሮጌ ላንድሮቨር ከላይ ስትታይ ጤነኛ መስላ ከሥር በዝገት ልትበላ ትችላለች። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ቦታ ደግሞ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይፈረፈራል።

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ያኔ «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» ትባል የነበረችው መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጥታ አቅሟን አስመሰከረች። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘችው በ1954 ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚፈልጋት 40 ሞዴል ከ1960 እስከ 1984 ተመርታለች። የእሷ አካል ከላይም ከታችም ብረት ነው። ዝገቱ በወለሉ፣ በበሮቹ ሥርና በጭቃ መከላከያው ውስጥ ይደበቃል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና መኪና ለመግዛት ስትሄዱም ከሥር ጀምሩ። በቀለሙ ውበት አትማረኩ። በመጀመሪያ ከሥሯ ግቡና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል፣ አንዳንዴም ይበሳል። የባሌስትራ ማሰሪያዎቹን አካባቢ በተለይ ተመልከቱ። ላንድክሩዘር ከሆነች ደግሞ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአካሏ ላይ አስኪዱ። ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ሥር ከላሜራ ይልቅ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ላንድሮቨር ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አሉሚኒየም ማግኔት አይስብምና።

ሞተሩን ጠዋት ገና ሳይሞቅ አስነሡት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት፣ ጥቁር ጭስ የበዛ ነዳጅ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ዘይትና ውሃ እየተቀላቀሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ከዚያ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ያለውን ክብ ኳስ መሳይ አካል እዩ። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ቦታ ነው። ቅባትና ዘይት ተቀላቅሎ እየፈሰሰ ከሆነ ውስጡ ያለው የዘይት መያዣ ጎማ አልቋል፤ ቁሱ ርካሽ ቢሆንም ሥራው የፊት እግሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃልና ዋጋ ስትደራደሩ አስቡበት።

በመጨረሻ ሊብሬውን ያዙና የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ክፍያ አትፈጽሙ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ መኪናዋን ገዛችሁ እንበል። ማሻሻል የሚባለው ነገር አንድ ጠባይ አለው። አሮጌ መኪና ስትሠራ ሁሉም ክፍሏ እርስ በርሱ ተመዛዝኖ ነው። የሞተሩ ጉልበት፣ የካምቢዮው ጥንካሬ፣ የጎማው ቁመትና የፍሬኑ አቅም አንዱ ለሌላው የተለካ ነው። አንዱን ስታሳድጉ ሸክሙ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። ትልቅ ጎማ ስትገጥሙ ፍሬኑና መሪው ይከብዳቸዋል፤ ትልቅ ሞተር ስታስገቡ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ ይጨነቃሉ፤ ብዙ መብራት ስትጨምሩ ዲናሞው ይደክማል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጽፋችሁ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚነካ አይታችሁ ተነሡ።

የመጀመሪያው ቃላችን «ትቁም» ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች በአራቱም እግር የሚይዙት በከበሮ ፍሬን ነው። 40 ሞዴል ላንድክሩዘርም እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ በአብዛኛው እንዲሁ ነበረች። የከበሮ ፍሬን በሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ በረዥም ቁልቁለት ግን ይሰንፋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መውረድን አስቡ፤ ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ብቻ ከወረደ ከበሮው ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም በሙቀት ብዛት መያዝ ይተዋል። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ውስጡ ውሃ ስላለ ቶሎ ይፈላል፤ አረፋ ሲሆን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። በአስቸኳይ ነው ብላችሁም የሞተር ዘይት አትጨምሩበት፤ የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች አሳብጦ መላውን ፍሬን ያበላሻል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የፍሬኑ መስመር ነው። በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣሉ። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ሁለት የተለያየ መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆማል። እንግዲህ ገንዘብ ካላችሁ የመጀመሪያው ማሻሻያ ይኸው ነው፦ ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፖምፓ፣ ለእግር ኃይል የሚጨምር አጋዥ፣ አዲስ የጎማ ቱቦዎች። ለ40 ሞዴል ላንድክሩዘር የፊት ዲስክ ፍሬን ከተከታዮቿ ሞዴሎች ማምጣት በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው።

ስለ እጅ ፍሬንም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በላንድሮቨርና በብዙዎቹ የቆዩ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ የሚወጣውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ እግር በክሪክ ስታነሡ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ እንዲዞር ስለሚፈቅድ መኪናዋ የእጅ ፍሬን ተስቦም ልትንሸራተት ትችላለች። ሁልጊዜ ታኮ ይግባላት። ከሥሯ የሚገባው ሰው ሕይወት በዚያ ታኮ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ትታዘዝ» ነው፤ መሪና ጎማ።

መሪውን ለመመርመር ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ መሪውን ትንሽ ትንሽ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች ይመልከት። እንቅስቃሴው የጠፋበት መጋጠሚያ ያለቀው ነው። ከዚያ የፊቱን እግር አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም እግሩ የሚዞርበት መጋጠሚያ ላልቷል። ይህ ሳይስተካከል የኃይል መሪ መግጠም ልቅነቱን ከመደበቅ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ወደ ጎማ ስንመጣ ትልቅ ጎማ መኪናዋን ያሳምራታል፤ ሒሳቡን ግን አስሉ። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ሲጨምር የፍጥነት መቁጠሪያችሁ 80 ሲያሳይ የምትሄዱት በ88 ነው። ሞተሩ ጎማውን ለማዞር፣ ፍሬኑም ለማቆም 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃሉ። ዳገት ላይ በሦስተኛ ትወጡ የነበረውን በሁለተኛ ትወጣላችሁ። የቆዩ ላንድሮቨሮች የኋላ አክስል ዘንግ ደግሞ በቀላሉ በመሰበር የታወቀ ነው፤ ትልቅ ጎማ ያን ቀን ያቀርበዋል። ስለዚህ ከፋብሪካው ልክ ብዙ አትራቁ።

የጎማውን ዕድሜም አንብቡ። በጎማው ጎን ላይ ካለው ረዥም ኮድ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ባሌስትራውን ለማሳደግ የምታስቡም አላችሁ። ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ ስታነሷት ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ይጣመማሉ፣ የፍሬን ቱቦዎች ይወጠራሉ፣ መሪው ወደ መሐል መመለስ ያቅተዋል። ክብደቷም ወደ ላይ ስለሚወጣ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ለአብዛኛው የአገራችን መንገድ የላሉትን ባሌስትራዎች በልካቸው አዲስ ቅጠል ማደስና ጥሩ ሾክ አብዞርበር ማስገባት በቂ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሦስተኛው ቃል «አትጋል» ነው።

በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ይህ ማለት የደጋ ሹፌር ከቆላው ይልቅ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ጥገኛ ነው። ክዳኑ ውሃውን በግፊት አፍኖ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን ሥራ አይሠራም፤ መኪናዋም ሌላ ምንም ሳትሆን ታፈላለች። እንግዲያው «ሞተሩ ይወረድ» ከመባሉ በፊት በትንሽ ዋጋ ክዳኑን ቀይሩ። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ።

ሁለተኛው የተለመደ ነገር ተርሞስታት ማውጣት ነው። መኪና ስታፈላ «ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ተርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በትክክለኛው ሙቀት እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ለረዥም ሰዓት ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። መፍላቱ የመጣው ከተደፈነ ራዲያተር ከሆነ በሽታው እዚያው አለ። ራዲያተሩን አስፈትታችሁ አሳጥቡ፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከመሙላትም ዝገት የሚከላከለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀላቅሉበት።

ስለ ኤሌክትሪክ በአጭሩ ልለፍ። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ በፊት በተሠሩ ላንድሮቨሮች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጌቲቭ አይደለም። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ደግሞ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ይህን ሳያረጋግጥ አልተርኔተር ወይም ሬዲዮ የገጠመ ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። ዲናሞውን በአልተርኔተር መለወጥና የፊት መብራቶቹን በሪሌይና በፊውዝ ማሠራት ወጪው መጠነኛ፣ ጥቅሙ በየቀኑ የሚታይ ማሻሻያ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ቃል ደረስን፤ «ትሩጥ»።

የድሮዋ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ላንድሮቨር ጉልበቷ ከ80 የፈረስ ጉልበት በታች ነው። ያውም በባሕር ወለል ላይ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ደካማ የመሰላችሁ ሞተር ሁልጊዜ ያለቀ ሞተር አይደለም። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከሆነ ለሳሳው አየር የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛል፤ ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ካገኛችሁ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል፣ ቫልቮቹን በልካቸው ማሰር፣ የድሮውን የማቀጣጠያ ነጥብ በኤሌክትሮኒክ መለወጥ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፦ እነዚህ ተሠርተው ካልበቁ ብቻ ሞተር ስለመለወጥ ይታሰብ።

ለመለወጥ ከወሰናችሁም ከቤተሰቧ ምረጡላት። ለላንድሮቨር በሌላው ዓለም በብዛት የሚመረጠው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዲስከቨሪ ጋር የመጣው ባለ 2.5 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ሞተር ነው። ጉልበቱ ግን ከ100 የፈረስ ጉልበት ስለሚያልፍ የድሮውን ካምቢዮ ያለ ርኅራኄ የሚነዳ ሰው ይሰብረዋል። ለላንድክሩዘር የራሷ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች አሉላት፤ መለዋወጫቸውም በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ደግሞም አስተውሉ፣ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የተመዘገበ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ሄዳችሁ ሥርዓቱን ጠይቁ፤ የሞተሩንም የግዢ ሰነድ ያዙ። አለበለዚያ ለዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ስትቀርቡ፣ ይልቁንም ልትሸጧት ስትሉ ችግሩ ይመጣባችኋል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስለ አነዳድ አንድ ነገር ሳልናገር ብጨርስ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል። በነዚህ የድሮ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል በአንድ ላይ ይታሰራሉ። መኪናዋ ስትታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። በጭቃ፣ በአሸዋ ወይም በጠጠር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጭንቀቱ ሁሉ በዘንግና በጥርስ ላይ ያርፋል፤ መሪው ይከብዳል፣ መጨረሻው ስብራት ነው። ፎር ዊል ለአስፋልት አይደለም። በአንጻሩ ለገደላማ ቁልቁለት ዝቅተኛውን ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ጉልበት መውረድ ፍሬኑን ከመጋል ያድናል። ማርሹን ግን መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት አስገቡ፤ መሐል ላይ አይሆንም።

ሌላው የሚነሣ ጥያቄ የፋብሪካዋን መልክ ስለመጠበቅ ነው። 40 ሞዴል ላንድክሩዘርና የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች ዛሬ በዓለም ገበያ በሰብሳቢዎች የሚፈለጉ ናቸው። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40 ሞዴል አንዳንድ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። ስለዚህ ማሻሻያ ስታደርጉ በብሎን የሚገባና በብሎን የሚወጣውን ምረጡ፤ ሻንሲ ወይም አካል የሚቆርጥ ሥራ መመለሻ የለውም። የወለቀውን የፋብሪካ ዕቃም አትጣሉት፤ ዘይት ቀብታችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡት። ለመኪናዋም ደብተር ክፈቱላት። የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍበት። መካኒክ ቢለወጥም ደብተሩ ለአዲሱ ይነግረዋል።

አድማጮቼ፣ ለማጠቃለል፦ ሻንሲዋ ጤነኛ ያልሆነች መኪና አትግዙ። በሊብሬው ቁጥር ላይ አትደራደሩ። ገንዘባችሁን በቅደም ተከተል አውጡ፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪና ጎማ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣና ኤሌክትሪክ፣ መጨረሻ ሞተር። በዚህ ሳምንት አሮጌ ፎር ዊል ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስቀይሩ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)